ሕግን በመቃወም የዶሜይን ሬጅስትራር መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋናው ምሳሌያችን፣ ጎዳዲ የተባለው የአሜሪካ ዶሜይን ሻጭ ሶፓ የተባለውን ረቂቅ ሕግ በመደገፉ በ2011 መጨረሻ የተነሳበት ዘመቻ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሬጅስትራር ምንድን ነው? ሆስቲንግ ከሚሸጥልኝ ድርጅት ይለያል?

ይለያል። ሬጅስትራር የዶሜይን ስማችሁን፣ ማለትም የሳይታችሁን አድራሻ፣ በእናንተ ስም የሚያስመዘግብላችሁ ድርጅት ነው። ሆስቲንግ ደግሞ የሳይቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ ነው። ሰው የሚምታታበት ብዙ ድርጅቶች ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚሸጡ ነው። ቤትና የቤት ካርታ ብላችሁ አስቡት። ሬጅስትራሩ ጋ ያለው ካርታው ነው፤ ሆስቲንጉ ጋ ያለው ቤቱ ነው።

ከሬጅስትራሩ በላይ ደግሞ ሬጅስትሪ የሚባል አለ። እሱ የዋናው መዝገብ ጠባቂ ነው። የዶት ኮምን መዝገብ የያዘው ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዶት ኮም የሚሸጡ ሬጅስትራሮች ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆኑ፣ ስሙን የሚያስገቡት እሱ መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሬጅስትራር መቀየር ይቻላል፤ ዶት ኮምን ይዞ ከቬሪሳይን መውጣት ግን አይቻልም። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው። ታዲያ ሬጅስትራሬን የምለቀው ለምንድን ነው?

ረቂቅ ሕግ ብቻውን አይመጣም። ደጋፊዎቹን አስከትሎ ነው የሚመጣው። አርቃቂዎቹ «ኢንዱስትሪው ከእኛ ጋር ነው» ለማለት የኩባንያ ስም ይደረድራሉ። በተለይ የኢንተርኔት ሕግ ሲሆን የኢንተርኔት ድርጅት ስም ዝርዝሩ ላይ ካለ ትልቅ ክብደት አለው። የፊልም ኩባንያ ቢደግፍ ማንም አይገረምም። ዶሜይን ሻጭ ሲደግፍ ግን «አያችሁ፣ ሥራውን የሚያውቁትም ችግር የለውም ብለዋል» ይባላል።

እናንተ የዚያ ድርጅት ደንበኛ ከሆናችሁ በየዓመቱ የምትከፍሉት ገንዘብ ያንን ድምፅ ያግዛል ማለት ነው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ለኮንግረስ አባል ደውሎ «መራጭህ ነኝ» ማለት አይችልም። ደንበኛ ግን ናይሮቢም ይሁን ሪያድ ደንበኛ ነው። እኔን ይህ ዓይነት ተቃውሞ የሚስበኝ ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ሶፓ ምን ነበር?

ሶፓ በኦክቶበር 26 ቀን 2011 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ ሕግ ነው። ያቀረቡት የቴክሳሱ ተወካይ ላማር ስሚዝ ናቸው፤ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበሩ። በሴኔት በኩል ፒፓ የሚባል መንትያ ነበረው። እሱን በሜይ 2011 ያቀረቡት የቨርሞንቱ ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ናቸው። ዓላማው ተብሎ የተነገረው ከአሜሪካ ውጭ ሆነው የተሰረቀ ፊልም፣ ሙዚቃና የሐሰት ዕቃ የሚያሠራጩ ሳይቶችን መምታት ነው።

ችግሩ መምቻው ላይ ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የአንድን ሳይት ስም ሲጠየቁ አድራሻውን እንዳይመልሱ ሊያስገድድ ይችል ነበር። የፍለጋ ድርጅቶች ሊንኩን ያወጣሉ። የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶች ገንዘቡን ይቆርጣሉ። ተጠቃሚው አንድ የተከለከለ ነገር ስለለጠፈ ሳይቱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል የሚል ስጋት የመጣው ከዚህ ነው።

የቴክኒክ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰባቸው። ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት፣ እንዲዋሽ የሚያዝ ሕግ ነው አሉ። ያኔ ዲኤንኤስሴክ የሚባለው መልሱ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴክኖሎጂ ገና እየተስፋፋ ነበር። በሕግ የታዘዘ የሐሰት መልስና የሌባ የሐሰት መልስ ለኮምፒውተሩ አንድ ናቸው። በዲሴምበር 2011 ቪንት ሰርፍን ጨምሮ 83 የኢንተርኔት ፈር ቀዳጆችና መሐንዲሶች ለኮንግረስ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ።

ጎዳዲ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?

ጎዳዲ በ1997 በአሪዞና የተመሠረተ፣ በዓለም ትልቁ የዶሜይን ሬጅስትራር ነው። በዚያን ጊዜ በእጁ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶሜይን ነበር። የፍትሕ ኮሚቴው የሶፓ ደጋፊዎችን ዝርዝር ይፋ ሲያደርግ የጎዳዲ ስም እዚያ ላይ ተገኘ። ዝርዝሩ ውስጥ የፊልም፣ የሙዚቃና የመድኃኒት ኩባንያዎች ሞልተዋል። ከዶሜይን ጋር በየቀኑ የሚውል ድርጅት ግን እንግዳ ነበር። ብዙ ደንበኞች ክህደት ሆኖ የተሰማቸው ለዚህ ነው። ስማቸውን አደራ የሰጡት ሰው፣ ስም የሚያጠፋን ሕግ ሲደግፍ አገኙት።

ዲሴምበር 29 ቀን 2011 ምን ሆነ?

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 22 ላይ ነው። ሬዲት በተባለው የውይይት ሳይት ላይ አንድ ተጠቃሚ «ዶሜይኖቼን አወጣለሁ፤ ዲሴምበር 29ን የመውጫ ቀን እናድርገው» ብሎ ጻፈ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 2004 መሆኑ ነው። ጽሑፉ ተቀጣጠለ። ቺዝበርገር የተባሉት የቀልድ ሳይቶች ባለቤት ቤን ሁ ጎዳዲ አቋሙን ካልቀየረ ከ1,000 በላይ ዶሜይኖቻቸውን እንደሚያወጡ አስታወቁ። ጎዳዲ በመጀመሪያ የሰጠው መልስ ዘመቻው በሥራችን ላይ ያመጣው ነገር የለም የሚል ነበር።

ያ መልስ አንድ ቀን አልሞላውም። ዲሴምበር 23 ጎዳዲ ለሶፓ የሰጠውን ድጋፍ ማንሳቱን ገለጸ። በዚያው ቀን የዊኪፔዲያ መሥራች ጂሚ ዌልስ የዊኪፔዲያ ዶሜይኖች ከጎዳዲ እንደሚወጡ ተናገሩ። ሰው ግን አልበረደም። «ድጋፍ አነሳሁ» እና «እቃወማለሁ» አንድ አይደሉም ብሎ ያዘ። ቀጠሮው ቀን፣ ዲሴምበር 29 ሲደርስ ጎዳዲ ሶፓን እንደሚቃወም በግልጽ ተናገረ። ሰባት ቀን ነው የፈጀው።

ተፎካካሪዎቹም ቀኑን ዝም ብለው አላሳለፉትም። የቅናሽ ኮድ አወጡ። ኔምቺፕ ለእያንዳንዱ ዝውውር የኢንተርኔት መብት ተሟጋች ለሆነው ለኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ገንዘብ እሰጣለሁ አለ፤ ከ60,000 ዶላር በላይ ሆነ። ንግድም ነው፣ ተቃውሞም ነው። እኔ በዚህ ቅር አልሰኝም።

ስንት ዶሜይን ወጣ? ጎዳዲ ተጎዳ ወይ?

በወቅቱ ከተዘገቡት የአንድ ቀን ቁጥሮች ትልቁ የዲሴምበር 23ቱ ነው፤ በአንድ ቀን ወደ 21,000 ዶሜይን። ብዙ ይመስላል። ከ50 ሚሊዮን አንጻር ግን ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። በዚያ ላይ በየቀኑ የሚገባ አዲስ ምዝገባ አለ። ድርጅቱ አልከሰረም፤ ዛሬም ትልቁ ሬጅስትራር ነው።

ስለዚህ «ጎዳዲን አንበረከክነው» የሚለውን ወሬ በቁጥር ልትደግፉት አትችሉም። የተጎዳው ስሙ ነው። ገና የፈረንጆቹ በዓል ሳይደርስ፣ የቴክኖሎጂ ዜና በሙሉ ስለ አንድ ዶሜይን ሻጭ ሆነ። የሚወጡት ሰዎችም ተራ ደንበኞች ብቻ አልነበሩም። ለሌላው ሰው «ዶሜይን ከየት ልግዛ?» ሲባል የሚመልሱት ናቸው። አንድ ሳይት ሠሪ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ሃያና ሠላሳ ደንበኞቹም አብረው ይወጣሉ። ድርጅቱን ያስደነገጠው ይሄ ይመስለኛል።

ታዲያ ሶፓን ያስቆመው የዶሜይን ዝውውሩ ነው?

ብቻውን አይደለም። ትልቁ ቀን ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 ነበር። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በተቃውሞ ገጹን አጥቁሮ ለ24 ሰዓት ተዘጋ። ሬዲት ለ12 ሰዓት ዘጋ። ጉግል አርማውን በጥቁር ሸፈነው፤ ያዘጋጀውንም ፊርማ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። ከዊኪፔዲያው ጥቁር ገጽ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተወካያቸውን አድራሻ ፈልገዋል። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 20፣ የሴኔቱ መሪ ሃሪ ሪድ ጃንዋሪ 24 ሊደረግ የነበረውን የፒፓ ድምፅ አሰጣጥ አራዘሙት። ላማር ስሚዝም ሶፓን አቆዩት። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አልተነሱም።

የዶሜይኑ ዘመቻ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መጥቷል። አንድ ትልቅ ድርጅት ከደጋፊዎች ዝርዝር ሲወጣ ሰው አየ። ሕግ በሩቅ አገር አዳራሽ የሚወሰን የማይነካ ነገር እንዳልሆነ አሳየ።

እሺ፣ መቀየር ፈለግሁ። ምን ላድርግ?

ዶት ኮም፣ ዶት ኔት፣ ዶት ኦርግና መሰሎቻቸው በሙሉ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ ደንቡን ያወጣው የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን ነው። መጀመሪያ አሁን ያላችሁበት ሬጅስትራር አካውንት ውስጥ ግቡና የዶሜይኑን ሎክ፣ ማለትም ዝውውር የሚከለክለውን ቁልፍ፣ ክፈቱ። ከዚያ የማስተላለፊያ ኮዱን ጠይቁ። ኦውዝ ኮድ ወይም ኢፒፒ ኮድ ይሉታል። ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የተደባለቀበት የይለፍ ቃል የሚመስል ነገር ነው። ይህን ኮድ ለማንም አታሳዩ፤ ዶሜይኑን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

ቀጥሎ አዲሱ ሬጅስትራር ጋ አካውንት ከፍታችሁ ኮዱን ታስገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። የቀድሞው ድርጅት ኢሜይል ይልክላችኋል። እዚያ ላይ ካጸደቃችሁ ቶሎ ያልቃል፤ ዝም ካላችሁም አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቀን ውስጥ ራሱ ያልፋል። ያንን ኢሜይል ግን በደንብ አንብቡት። አንዳንዱ ላይ ደምቆ የሚታየው ቁልፍ «ዝውውሩን ሰርዝ» የሚለው ነው።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት አረጋግጡ። አካውንቱ ላይ የተመዘገበው ኢሜይል ዛሬ የምትከፍቱት ኢሜይል ነው? እዛው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይልስ አይደለም? ከሆነ ለጊዜው በሌላ ቀይሩት፤ በዝውውሩ መሃል ነገር ቢበላሽ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ሌላ ቦታ ሊኖር ይገባል።

ሳይቴ ይቋረጣል? ኢሜይሌስ?

ዝውውሩ በራሱ ሳይት አያቋርጥም። ዶሜይኑ ኔምሰርቨሮቹን፣ ማለትም ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልሱትን ኮምፒውተሮች፣ እንደያዘ ነው የሚሄደው። ኔምሰርቨራችሁ ከሬጅስትራሩ ውጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሆስቲንግ ድርጅታችሁ ጋ ወይም ክላውድፍሌር በተባለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ላይ፣ ማንም ጎብኚ ልዩነቱን አያይም።

ጣጣው የሚመጣው ኔምሰርቨሩም የቀድሞው ሬጅስትራር ንብረት ሲሆን ነው። ደንበኝነታችሁ ሲያበቃ የዲኤንኤስ አገልግሎቱንም ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ሳይቱ ይጠፋል፤ ከሳይቱ ይልቅ የሚያመው ደግሞ ኢሜይሉ ነው፣ ምክንያቱም መቅረቱን ወዲያው አታውቁም። ስለዚህ ሎኩን ከመክፈታችሁ በፊት የዲኤንኤስ ገጹን ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሱ። ሁሉንም መስመር አዲሱ ቦታ ላይ ጻፉ። በተለይ የኢሜይሉን ኤምኤክስ መስመሮችና እነዚያን ረጃጅም የቲኤክስቲ ጽሑፎች አትዝለሉ። ዲኤንኤስሴክ ከነበራችሁም አስቀድማችሁ አጥፉትና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ከዝውውሩ በኋላ እንደገና ታበሩታላችሁ።

ስንት ያስወጣኛል? የከፈልኩት ጊዜ ይቃጠላል?

አይቃጠልም። ለዝውውሩ የምትከፍሉት የአንድ ዓመት ዋጋ ነው፤ ያ ዓመት ቀሪው ጊዜያችሁ ላይ ይደመራል። ስድስት ወር ከቀራችሁ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ይሆናል። ጣሪያው 10 ዓመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልታድሱ ስትሉ የምትከፍሉትን ገንዘብ ሌላ ቦታ ከፈላችሁ ማለት ነው።

የመጨረሻው ሳምንት ድረስ ግን አትጠብቁ። ዶሜይኑ ጊዜው አልፎ መዋጃ ጊዜ ውስጥ ከገባ ማስመለሻው ውድ ነው፣ ማዛወርም አይቻልም። ሁለት ወር ሲቀረው መነሳት ጥሩ ነው።

ድርጅቱ «አልለቅም» ሊለኝ ይችላል?

ስለጠላችሁት ብቻ አይችልም። ኮዱን ከጠየቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ሊከለክል የሚችለው በተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ ማጭበርበር ከተጠረጠረ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ፣ ያለፈ ጊዜ ክፍያ ካልተከፈለ። ከእነዚህ ሁሉ በተደጋጋሚ ሰው የሚይዘው የ60 ቀኑ ደንብ ነው። ዶሜይኑ ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ 60 ቀን ካልሞላው አይወጣም። ከዲሴምበር 2016 ጀምሮ ደግሞ የባለቤቱን ስም፣ ድርጅት ወይም ኢሜይል መቀየርም 60 ቀን ሊያስቆልፍ ይችላል። አንዳንድ ድርጅቶች ይህንን ቁልፍ አስቀድሞ «አልፈልግም» ማለት ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ ቀድሞ ማዛወር፣ ስም ማስተካከል ኋላ ነው።

በ2011ም በዚህ ላይ ውዝግብ ተነስቷል። ያኔ አዲሱ ሬጅስትራር የባለቤቱን ኢሜይል ሁዊዝ ከተባለው የዶሜይን ባለቤቶች የሕዝብ መዝገብ ላይ አንብቦ ማረጋገጫ መላክ ነበረበት። ኔምቺፕ በዲሴምበር 26 ጎዳዲ ያልተሟላ መረጃ እየመለሰ ዝውውሩን እያዘገየ ነው ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። ጎዳዲ በበኩሉ መረጃ ለቃሚዎችን ለመከላከል ለማንም የምናደርገው የተለመደ ገደብ ነው አለ። ዛሬ ሁዊዝ ላይ ኢሜይሎች በአብዛኛው ስለተሸፈኑ ሥራው በኮዱ ነው የሚያልቀው።

ዶሜይኑ የተገዛው አሜሪካ ባለ ዘመዴ ካርድ ነው። እኔ ማዛወር እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሰው የሁሉም እናት ነው። አገር ቤት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ስንቱ ሳይት በአክስት ልጅ ወይም በጓደኛ ስም ነው የተያዘው። በደንቡ መሠረት የዶሜይኑ ባለቤት የሚባለው መዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ሐሳቡ የእናንተ፣ ሥራው የእናንተ፣ ብሩንም የላካችሁት እናንተ ብትሆኑ ያለ እሱ አካውንት ኮዱ አይገኝም።

ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንድ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ፕሮግራም ሳይቱን ሲያዛውር አግዤ ነበር። ዶሜይኑን ከዓመታት በፊት ያስመዘገበው በጎ ፈቃደኛ ሌላ ስቴት ሄዷል። አካውንቱ ላይ ያለው ኢሜይል የተረሳ የያሁ አድራሻ ነው። የያሁው ማረጋገጫ ደግሞ ወደ ድሮ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩን ከዕቃ ማስቀመጫ ካርቶን ውስጥ አግኝቶ ቻርጅ እስኪያደርገው ሦስት ሳምንት አለፈ። ኮዱን በስልክ ሲያነብልኝ ዜሮና ትልቁን ኦ ለመለየት ሦስት ጊዜ ደጋገምን። ሁሉም ሰው ቅን ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ዶሜይኑን ልናጣው ጥቂት ቀን ነበር የቀረን።

ስለዚህ ተቃውሞ ባይኖርባችሁም ዛሬ ለዘመዳችሁ ደውሉ። «አካውንቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው? የትኛው ኢሜይል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተን ኢሜይል ያስገባላችሁ፤ የ60 ቀኑን ቁልፍ ግን አትርሱ።

ዶት ኢቲ ዶሜይን ቢሆንስ?

የአገር ዶሜይኖች ላይ ከላይ ያልኩት የአይካን የዝውውር ደንብ አይሠራም። እያንዳንዱ አገር የራሱ አሠራር አለው። የዶት ኢቲ መዝገብ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ነው። መዝገቡን የያዘውን ተቋም ደግሞ እንደ ሬጅስትራር መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ይህ የተቃውሞ መንገድ በዶት ኢቲ ላይ ብዙ የሚያስኬድ አይደለም።

ሬጅስትራሬን ወደ ሌላ አገር ባዛውር ሕጉ ሊደርስብኝ አይችልም አይደል?

ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ዶት ኮም ከቬሪሳይን አይወጣም፣ ቬሪሳይን ደግሞ አሜሪካ ነው። በፌብሩዋሪ 2012፣ ሶፓ በቆመ በወሩ፣ የቦዶግ ቁማር ሳይት ዶት ኮም ስም ተወረሰ። የተመዘገበው ካናዳ ባለ ሬጅስትራር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ካናዳ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። ትእዛዙን ለቬሪሳይን ሰጠ፣ አለቀ።

ከዚያ በፊትም ነበረ። ሮሃዲሬክታ የተባለው የስፔን የስፖርት ሊንክ ሳይት በራሱ አገር ፍርድ ቤት ሕጋዊ ነው ተብሎ ነበር። በ2011 መጀመሪያ የዶት ኮምና የዶት ኦርግ ስሞቹ አሜሪካ ውስጥ ተያዙ፤ የተመለሱለት በኦገስት 2012 ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ አንድ ዶሜይን በስህተት ሲያዝ ከሥሩ የነበሩ 84,000 ያህል ንዑስ ሳይቶች ለቀናት ከባድ ወንጀል የሚጠቅስ የመንግሥት ማስታወቂያ ተለጠፈባቸው። ያለ ሶፓ የሆነ ነው ይሄ ሁሉ።

ስለዚህ ሬጅስትራር መቀየር የተቃውሞ ድምፅ ነው፤ መጠለያ አይደለም። መጠለያ የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄው ስለ ዶሜይኑ መጨረሻ ክፍል (እንደ ዶት ኮም ያለው)፣ ስለ ሬጅስትሪውና ስለ አገሩ ይሆናል። እሱም ቢሆን አንዱን ሕግ በሌላ ሕግ መለወጥ ነው።

ድርጅቱ አቋሙን ካስተካከለ በኋላስ? ልቅር ወይስ ልውጣ?

ሰው የሚከራከርበት ነው። አንዱ ወገን «የጠየቅነውን አደረገ፤ ከወጣን ነገ ሌላው ለምን ይሰማናል?» ይላል። ሌላው «ሲያዝ ነው የተጸጸተው» ይላል። የዊኪፔዲያ ባለቤት የሆነው ዊኪሚዲያ ከሁለተኛው ጋር ቆመ። ጎዳዲ ድጋፉን ቢያነሳም ዶሜይኖቹን አወጣ፤ ዝውውሩ አልቆ የተነገረው በማርች 2012 ነው፣ የሄዱትም ማርክሞኒተር ወደተባለው ሬጅስትራር ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያም በዚያው ዋና ዶሜይን ሥር ስለሆነ አብሮ ሄዷል።

እኔ ድርጅቱ ያደረገውን ሳይሆን የተናገረውን አያለሁ። የጎዳዲ የዚያን ጊዜ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዋረን አደልማን በዲሴምበር 23 ያወጡት መግለጫ የኢንተርኔት ዝርፊያን፣ ማለትም የተሰረቀ ሥራ ማሠራጨትን፣ መዋጋት አስፈላጊ ነው፣ የኢንተርኔት ማኅበረሰቡ ሲደግፈው እኛም እንደግፈዋለን የሚል መንፈስ ነበረው። ሕጉ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ አላብራራም። እኔ ብሆን ያን ቀን እወጣ ነበር። በዲሴምበር 29 ተቃውሞውን በግልጽ ካስቀመጠ በኋላ የቀረን ሰው ግን አልወቅስም።

የምሄድበት ድርጅት ከምለቀው የተሻለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከማስታወቂያው አታውቁም። በተቃውሞ ሰሞን ሁሉም ሬጅስትራር የነፃነት ታጋይ ነው። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከዚህ በፊት ሕግ ሲረቀቅ በራሱ ስም ምን ብሏል? ሳይት እንዲዘጋ ቅሬታ ሲመጣለት ደንበኛውን ይጠይቃል ወይስ ወዲያው ይዘጋል? የዕድሳት ዋጋው፣ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን የሁለተኛው፣ ስንት ነው?

ድርጅቶችም አቋም እንዳላቸው አትርሱ። በ2011 የተቃዋሚዎች መሸሸጊያ የነበረው ኔምቺፕ በፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ፣ የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር፣ ሩሲያ ውስጥ የተመዘገቡ ደንበኞቹን ወደ ሌላ ሬጅስትራር ሂዱ ብሎ ቀን ቆረጠላቸው። ብዙ ሠራተኞቹ ዩክሬን ውስጥ ስለሆኑ ምክንያቱ ይገባኛል። ከመንግሥታቸው ጋር የማይስማሙ ሩሲያውያንም ግን በዚያው ተነኩ። እንደኛ በፓስፖርቱ ለሚመዘን ሰው ይህ ነገር ትልቅ ነው።

ያለኝ አንድ ዶሜይን ነው። ብወጣ ማን ያውቃል?

ዝም ብላችሁ ከወጣችሁ ማንም አያውቅም። ለድርጅቱ የዋጋ ቅናሽ ፈልጎ ከሄደ ሰው አትለዩም። ስለዚህ ምክንያቱን ጻፉላቸው። አካውንቱን ስትዘጉ «ለምን ትሄዳለህ?» የሚል ሳጥን ካለ የሕጉን ስም ጠቅሱ። ከሌለ ለደንበኞች አገልግሎት አጭር ኢሜይል ላኩ። ስንት ዓመት ደንበኛ እንደነበራችሁ፣ የትኛውን አቋማቸውን እንደተቃወማችሁ፣ ምን ቢያደርጉ እንደምትመለሱ። ሦስት አረፍተ ነገር ይበቃል።

ከዚያ የጻፋችሁትን ሌላው ሰው በሚያየው ቦታ ላይ ለጥፉ። ከሌሎች ጋር በአንድ ቀን ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ይታያል፤ የሬዲቱ ሰውዬ ዲሴምበር 29ን የመረጠው ለዚህ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ዝውውሩ ማለቁን አዲሱ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ እዩ፤ የዶሜይኑን ሎክም መልሳችሁ ዝጉ።